መዝገቡ በማን እጅ ነበር? ስለ ገዥዎች፣ ስለ ታሪክና ስለ ድህነት የተከፈተ ክር

ሦስት ሳምንት ሙሉ የተከታተልኩት የኢንተርኔት ውይይት ክር ነው፤ 36 መልስ ተሰጥቶበታል። እኔ አንድም መልስ አልጻፍኩም። ግን ነገሩ ከልቤ ስላልወጣ የተባለውን ከመጀመሪያው አንስቼ ላወራው ወደድኩ። ዓመቶቹ ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው፤ ተወያዮቹም የተጠቀሙት በዚያው ነው።

የከፋቹ ጽሑፍ አጭር ነበር። ታሪክ ብለን የተማርነው የነገሥታት ስምና የዘመናቸው ቁጥር ነው፤ ያረሰው፣ የገበረው፣ የተራበው ሰው የለበትም አለ። ይህም እንዲያው የሆነ ሳይሆን ገዥዎች አስበውበት ያደረጉት ነው ብሎ ምስክር ጠራ። በግብፅ፣ አቢዶስ ላይ፣ በንጉሥ ሴቲ ቀዳማዊ ቤተ መቅደስ ግድግዳ የ76 ነገሥታት ስም ተደርድሯል፤ ሃያ ዓመት ገደማ የገዛችው ሐትሼፕሱት ግን የለችም፣ አኬናተንም የለም። ከዚያ ሁለተኛውን አሳብ ጨመረ። ስም ከግድግዳ የሚፍቀው እጅና መሬት ከገበሬ የሚነጥቀው እጅ አንድ ነው፤ ዛሬ በየአገሩ ሀብታምና ደሃ የተራራቀው የጥንት ገዥዎች በቀደዱት ቦይ ነው አለ። በፈቃዱ ጥቅሙን የለቀቀ ገዥ መደብ በዓለም ላይ ካለ ንገሩኝ ብሎም ጠየቀ። አንድ ልመና ነበረው፦ ስለ ራሳችን አገር ከጀመርን ወዲያው ስለምንጣላ የሌሎችን ታሪክ ብቻ እናንሳ። ልመናው እስከ መጨረሻው ተከብሯል።

1ኛው መልስ ምስጋና የበዛበት ነበር። ጸሐፊው ከፋቹን ወንድሜ እያለ ተስማማና የቻይናን ታሪክ አነሳ። እዚያ አንዱ ሥርወ መንግሥት ሲወድቅ ታሪኩን የሚያስጽፈው ብዙውን ጊዜ የተካው ነው፤ በዚህ መልክ ከዘመን ዘመን 24 ታላላቅ ታሪኮች ተከማችተዋል። የመጨረሻው ንጉሥ ብልሹ ሆኖ መቅረቡ አይገርምም አለ፤ ተተኪው ዙፋኑን ለምን እንደወሰደ ማስረዳት ነበረበትና።

2ኛው ተቃዋሚ ነው፤ ግን ጨዋ ተቃዋሚ፣ ከፋቹን እርስዎ እያለ ነው የጻፈው። ገዥ ባይጽፍ ኖሮ ስለ ገበሬው የምናውቀው ያንሳል እንጂ አይበዛም አለ። ኖርማኑ ዊልያም እንግሊዝን ከያዘ በኋላ በ1086 ያስጻፈውን የመሬት መዝገብ አስታወሰ። ከ13,000 በላይ መንደሮች ገብተውበታል፤ ስንት ማረሻ፣ ስንት ወፍጮ፣ ስንት ገበሬ፣ ስንት ባሪያ እንዳለ በየቦታው ተቆጥሯል። የዘመኑ ታሪክ ጸሐፊ አንድ በሬ፣ አንዲት ላም፣ አንድ አሳማ እንኳ ሳይቆጠር አልቀረም ብሎ እያፈረ እስኪጽፍ ድረስ። ይህን ገዥው ባያደርገው ማን ያደርገው ነበር የሚል ነው ጥያቄው።

3ኛው ያንኑ መዝገብ ይዞ ወደ ውስጥ ገባ። የባለ መሬቱ ስም በየቦታው ይጻፋል፤ ገበሬው ግን ቁጥር ነው። ከተቆጠሩት ሰዎች ከአሥር አንዱ ገደማ ባሪያ ነው፤ እነሱም ቁጥር ናቸው። ቆጠራው የተካሄደው ሰዉን ለማወቅ ሳይሆን ከመሬቱ ምን እንደሚገኝ ለማወቅ ነው አለ። ሰውየው፣ በሬውና ወፍጮው በአንድ መስመር ተከታትለው ሲቆጠሩ ማሰብ ለእኔ ከብዙ የጭቆና ትረካ ይልቅ ከበደኝ።

4ኛው ሰማይ አይታረስ ንጉሥ አይከሰስ ብሎ አለፈ። ሌላ ቃል አልጨመረም፤ ብዙ ሰው ግን ወደደለት።

5ኛውን መልስ የጻፈችው በመሬት ምዝገባ ሥራ ላይ ያለች ሴት ናት። የት እንደምትሠራ አልተናገረችም። ሥራዋ በእጅ የተጻፉ አሮጌ መዝገቦችን እያነበበች ወደ ኮምፒውተር ማስገባት ነው። አንድ ገጽ ላይ ባል ይሞታል፤ መሬቱን ከዚያ በኋላ ያስተዳደረችው ሚስቱ ናት፤ የግብር ደረሰኞቹ በስፌት ከገጹ ጋር ተያይዘው ዓመት በዓመት መክፈሏን ይመሰክራሉ። የባለ ይዞታ ስም በሚለው ዓምድ ግን የሟች ሚስት ተብሎ ብቻ ተጽፏል። በዚያው መዝገብ እንዲህ ያሉ አራት መስመሮች አግኝታለች። ኮምፒውተሩ ደግሞ የስም ቦታው ባዶ ከሆነ አላስቀምጥም ይላል። አለቃዋን ስትጠይቅ ሰረዝ አድርጊበትና እለፊ አላት። ስለ ግብፅ ግድግዳ ስታነብ ይህ ትዝ እንዳላት፣ ስም ለማጥፋት መፋቅ ሁልጊዜ እንደማያስፈልግ፣ መጀመሪያውኑ አለመጻፍ እንደሚበቃ ጻፈች።

በዚህ ቦታ ክሩ አፍታ መቆም ነበረበት፤ አልቆመም። 6ኛው ወደ ስፔን ቅኝ ግዛት ሮጠ። የስፔን ንጉሥ ለድል አድራጊዎቹ የአሜሪካን መሬት ርስት አድርጎ ስለ ሰጠ እኩልነት ከዚያ ቀን ጀምሮ ሞተ አለ። 7ኛው ክፉኛ ተቆጣ። ኤንኮሚዬንዳ የሚባለው ስጦታ መሬት አልነበረም፤ በተወሰኑ ሰዎች ላይ ግብርና ጉልበት የመሰብሰብ መብት ነው። ስለዚህ በእኛ ቋንቋ ይነገር ከተባለ ለጉልት ይቀርባል እንጂ ርስት አይባልም፤ ርስትና ጉልት የማይለይ ሰው ስለ እኩልነት ባይጽፍ ይሻላል ብሎ ጨረሰ። 8ኛው አነጋገሩን ነቀፈ፤ እውቀት ያለው ሰው ሲያርም ሰው አያዋርድም አለ። 9ኛው የ6ኛው ጸሐፊ ራሱ ነበር። እርማቱን ተቀበለና ልዩነቱ ለምን ያን ያህል እንደሚከብድ እንዲያስረዱት ጠየቀ። ያስረዳው የለም። እኔ ግን ከባድ ይመስለኛል። መሬት የተሰጠው ሰው መሬቱ እንዲለማ ይፈልጋል። የሰዎችን ጉልበት ብቻ የተሰጠው ሰው ግን ሹመቱ ሳያልፍ የሚችለውን ሁሉ ማውጣት ይቀናዋል። ሁለቱ ገበሬውን የሚጎዱት በተለያየ መንገድ ነው፤ ከገዥዎቹ በኋላ የሚቀረውም አገር ይለያያል።

10ኛው መልስ፣ አውቆም ይሁን ሳያውቅ፣ ለዚህ የሚሆን ማስረጃ ይዞ መጣ። በፔሩና በቦሊቪያ ተራሮች የስፔን መንግሥት ሚታ የሚባል ግዳጅ ነበረው። ከ1573 እስከ 1812 በተወሰነ ወሰን ውስጥ ያለ መንደር ሁሉ ከአዋቂ ወንዶቹ ከሰባት አንዱን ወደ ፖቶሲ የብር ማዕድንና ወደ ሁዋንካቬሊካ የሜርኩሪ ማዕድን ይልክ ነበር። ከወሰኑ ወዲህና ወዲያ ያሉ መንደሮች በቋንቋም በአየር ንብረትም ብዙ አይለያዩም። በ2010 የታተመ ጥናት ታዲያ በወሰኑ ውስጥ የነበሩ ቤተሰቦች ዛሬም ፍጆታቸው ሩብ ያህል ዝቅ ያለ፣ ልጆቻቸውም በብዛት የቀነጨሩ መሆናቸውን አገኘ። ግዳጁ ከቀረ ሁለት መቶ ዓመት ሊሞላው ነበር።

11ኛው ይህን ሲያይ ነገሩ አለቀ አለ። የገዥዎች ጥፋት በቁጥር ተረጋገጠ፤ ከእንግዲህ የሚከራከር ካለ የባለ መሬቶች ጠበቃ ነው።

12ኛው መልስ ግን የክሩን አቅጣጫ ለወጠው። ጽሑፉ ሻካራ ነው፤ ጥናቱን እስከ መጨረሻው ሳታነቡ አታጨብጭቡ ብሎ ነው የሚጀምረው። የያዘው ነገር ግን እውነት ነበር። ከሚታ ወሰን ውጭ የነበሩት፣ ዛሬ ሻል ያሉት መንደሮች ነፃ ገበሬዎች የሰፈሩባቸው አልነበሩም፤ ትልልቅ ባለ መሬቶች የነገሡባቸው ነበሩ። በወሰኑ ውስጥ መንግሥት ራሱ ባለ መሬቶች እንዳይበዙ ይከለክል ነበር፣ ለማዕድኑ የሚላከውን ጉልበት እንዳይሻሙት። ከወሰኑ ውጭ ግን ባለ መሬቱ ምርቱን ወደ ገበያ ማውጣት ስለሚፈልግ፣ መንግሥት ዘንድ የሚሰማ አፍ ስለነበረው፣ መንገድ አስወጣ። መንገዱ እስካሁን አለ። ትልቅ ባለ መሬት ሁሉ የድህነት ምንጭ ነው የሚል ሰው እነዚህን መንደሮች ይመልስልኝ ብሎ ተፈታተነ።

አንድ ቀን ሙሉ ማንም አልመለሰም። ከዚያ 13ኛውን ራሱ ከፋቹ ጻፈ። ይህን እንደማያውቅ በግልጽ አመነ፤ ገዥ መደብ የሚለውን ነገር እንደ አንድ ሰው አድርጎ ማየቱ ስህተት ሊሆን እንደሚችልም ተናገረ። በማድሪድ የተቀመጠው ንጉሥ፣ ማዕድኑን የያዘው ሹምና እርሻ ያለው ባለ መሬት ሦስቱም ገዥዎች ናቸው፤ ጥቅማቸው ግን አንድ አልነበረም። 14ኛው በአነጋገራቸው በዕድሜ የገፉ የሚመስሉ ሰው ናቸው፤ ልጆቼ እያሉ ነው የሚጽፉት። ከሁለት ቀንበር አንዱ ቀለለ ማለት ቀንበር አይደለም ማለት አይሆንም አሉ። በባለ መሬቱ እርሻ ላይ የነበረው ገበሬም የትም መሄድ የማይችል ጭሰኛ ነበር። ጥናቱ የሚነግረን ከሁለቱ የትኛው ለልጅ ልጅ የከፋ እንደሆነ ነው፤ ያለ ሁለቱም ቢሆን ኖሮ ምን ይመጣ እንደነበር አይነግረንም አሉ። በዚህ ክር ውስጥ እንደ እሳቸው አስተውሎ የጻፈ ሰው አላየሁም።

ቀጥሎ የካሳ ነገር መጣ። 15ኛው የሄይቲን ታሪክ ተረከ። ባሪያዎቹ ጌቶቻቸውን ድል ነሥተው በ1804 ነፃነታቸውን አወጁ። በ1825 የፈረንሳዩ ንጉሥ ቻርልስ 10ኛ የጦር መርከቦች ልኮ ነፃ አገር መሆናችሁን የማውቅላችሁ ለቀድሞ ባለ እርሻዎች 150 ሚሊዮን ፍራንክ ካሳ ስትከፍሉ ነው አላቸው። በ1838 ወደ 90 ሚሊዮን ዝቅ ተደረገ። የመጀመሪያውን ክፍያ ለመክፈል እዚያው ፈረንሳይ ውስጥ ብድር ገቡ፤ ከዚህ ጋር የተያያዘው ዕዳ ተከፍሎ ያለቀው በ1947 ነው።

16ኛው የሄይቲ የራሷ ገዥዎችም ንጹሕ እንዳልነበሩ አስታወሰ። ፕሬዚዳንት ቦየር በ1826 ባወጣው የገጠር ሕግ ገበሬው ያለ ፈቃድ ከእርሻው እንዳይንቀሳቀስ ታሰረ፤ ዕዳውንም በዋናነት የተሸከመው ቡና አምራቹ ገበሬ ነው፣ የመንግሥት ገቢ ከቡና ቀረጥ ይመጣ ስለነበር። የፈረንሳይ ንጉሥ ሸክሙን አመጣ፤ በማን ጀርባ ላይ ይጫን የሚለውን የወሰኑት ግን በሄይቲ ዋና ከተማ በፖርቶፕረንስ የተቀመጡት ናቸው አለ። 15ኛው ጸሐፊ በዚህ እንዳይከፋ ፈርቼ ነበር። ነገር ግን ልብ ብሎ አንብቦት ኖሮ አመሰገነው።

17ኛው ብሪታንያን አመጣ። በ1833 ባርነት እንዲቀር ሕግ ሲወጣ 20 ሚሊዮን ፓውንድ ካሳ ተመደበ፤ ይህ የመንግሥቱን የዓመት ወጪ 40 በመቶ ያህል ነው። የተከፈለው ለባለ ባሪያዎች ነው። ባሪያ የነበሩት አንድ ሳንቲም አላገኙም፤ ይልቁንም አብዛኞቹ እስከ 1838 በተለማማጅ ስም ለቀድሞ ጌቶቻቸው ያለ ደመወዝ እንዲሠሩ ተገደዱ። ለካሳው የተወሰደው ብድር ተከፍሎ ያለቀው በ2015 ነው። እዚህ ላይ ጸሐፊው ንዴቱን አልደበቀም። የባሪያዎቹ የልጅ ልጆች ብሪታንያ ውስጥ እየሠሩ በከፈሉት ግብር ለአያቶቻቸው ጌቶች የተወሰደው ብድር ይከፈል ነበር ማለት ነው አለ። እኔም ሳነበው ደሜ ፈላ። 18ኛው አጭር ነው፤ ሩሲያም በ1861 ጭሰኞቿን ነፃ ስታወጣ ለሚሰጣቸው መሬት በ49 ዓመት የሚያልቅ ክፍያ ጫነችባቸው፤ ክፍያው ከ1907 ጀምሮ የተሰረዘው አመፅ ስለተነሳ ነው።

ከ15 እስከ 18 ያሉትን አራት መልሶች ደጋግሜ አነበብኳቸው። አንድ ሥርዓት በደል ነበር ተብሎ በሕግ ይሻራል፤ በዚያው ሕግ ግን ካሳ የሚገባው ተበዳዩ ሳይሆን በደሉን ንብረቱ ያደረገው ሰው ይሆናል። ሕጉን ያወጡት ወይም ሕግ አውጪውን የሚያውቁት ባለ ንብረቶቹ ስለነበሩ ነው። ከዚያ በኋላ የሚወለደው ልጅ በሕግ እኩል ነው፤ አንዱ ግን ካሳውን ወርሶ ይጀምራል፣ ሌላው ዕዳውን።

ከ19 እስከ 22 ክሩ ከመንገዱ ወጣ። 19ኛው ኤሊት የሚለውን የፈረንጅ ቃል በአማርኛ ለምን እንሸከማለን፣ ልሂቃን አንልም ወይ አለ። 20ኛው ልሂቅ በግእዝ ያደገ፣ የሸመገለ፣ ታላቅ የሚባል ሰው ስለሆነ ሕዝብ የገፈፈን ሰው በዚህ ስም መጥራት ማክበር ነው ብሎ ተቃወመ። 21ኛው መኳንንትና መሳፍንት እንበል አለ፤ ይህ ግን የባንክ ባለቤቱንና ጄኔራሉን አያካትትም ተባለ። 22ኛው ባለጊዜ የሚለውን ቃል ወረወረ። እኔ ቃሉን ወድጄዋለሁ፣ ሕዝቡ ራሱ ያወጣው ስለሆነ። ግን ባለጊዜ ጊዜው ሲያልፍ አብሮ የሚያልፍ ሰው ነው። የዚህ ክር ጭንቀት ስለማያልፈው ነበር።

23ኛው ወደ ከፋቹ ጥያቄ መለሰን። በፈቃዱ ጥቅሙን የለቀቀ ገዥ መደብ አለ፤ ሳሙራይ የሚባለው የጃፓን ጦረኛ መደብ ነው አለ። በ1868 ሥልጣን የያዙት ሰዎች ራሳቸው አብዛኞቹ ሳሙራይ ነበሩ፤ እነሱው በ1876 ሰይፍ መታጠቅን ከለከሉ፣ ሳሙራይ ከመንግሥት የሚያገኘውንም ድርጎ አስቀሩ። 24ኛው ይህን ተረት ነው ብሎ ጀመረ። የለቀቁት የሌሎችን ጥቅም ነው፤ ራሳቸው ሚኒስትርና ጄኔራል ሆኑ። ድርጎው በመንግሥት ቦንድ ተለወጠ እንጂ እንዲያው አልተነጠቀም፤ ለትንሹ ሳሙራይ የደረሰው ቦንድ ግን የሚያኖር አልነበረም። በ1877 በሳይጎ ታካሞሪ መሪነት የተነሳው አመፅ በጦርነት ነው የተዳፈነው፤ ፈቃድ የምትሉት ይህን ነው ወይ ብሎ ጠየቀ። 25ኛው ሊያስታርቅ ሞከረ። የራስን መደብ በሕግ ማፍረስ፣ በሌላ ጥቅም ተለውጦም ቢሆን፣ በዓለም ታሪክ ብዙ ያልታየ ነው አለ። 26ኛው ግን ነገሩን ወደ ሰው አዞረው። 24ኛውን ጸሐፊ አንተ ማንኛውም ገዥ ጥሩ ሲሠራ ማየት የማትችል ምቀኛ ነህ፣ አንተስ ለማን ምን ለቅቀሃል አለው። 27ኛው መልስ ላይ የተሰረዘ ነው የሚለው፤ ምን እንደነበረ መገመት አያቅትም። 28ኛው የአወያዩ ነበር። ሁለቱን በስማቸው አስጠነቀቀና ሦስተኛ ሰው ከተሳደበ ክሩን እንደሚዘጋው ተናገረ። እንዳይዘጋ ሰጋሁ፣ ገና የሚባል ነገር ነበረና።

29ኛውን የጻፉት እኚያው አዛውንት ናቸው። ሳሙራይን ትተን የጃፓን ገበሬ መቼ መሬት አገኘ ብለን እንጠይቅ አሉ። ያ የሆነው ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት ሽንፈት በኋላ፣ በአሜሪካ ወታደር ሥር፣ ከ1946 ጀምሮ ነው። በኪራይ ይታረስ የነበረው መሬት ከ46 በመቶ ገደማ ወደ 10 በመቶ ገደማ ወረደ። ለባለ መሬቱ የተከፈለውን ዋጋ የዋጋ ንረት በላው፤ እውነተኛው ለውጥ እዚያ ላይ ነው አሉ። ደቡብ ኮሪያም በ1950 ከ3 ሄክታር ገደማ በላይ ያለውን እርሻ ስታከፋፍል ሰሜኑ በ1946 አስቀድሞ አከፋፍሎ ስለነበር የራሷ ገበሬ እንዳይሸፍትባት ፈርታ ነው። በጨዋ ቃል ጠይቆ የሞተውን ሰውም አስታወሱ። በሮም ጥቤርዮስ ግራክኩስ፣ ራሱ ከመኳንንት የተወለደ፣ የሕዝብ መሬት ከሕግ በላይ የያዙ ሰዎች ትርፉን እንዲመልሱ ሕግ አስወጣ። በዚያው ዓመት፣ በ133 ቅድመ ልደተ ክርስቶስ፣ የምክር ቤት አባላትና ተከታዮቻቸው በዱላና በተሰባበረ ወንበር ደብድበው ገደሉት። አዛውንቱ ከዚህ በኋላ አስተያየት አልጨመሩም። ከፋቹ በ30ኛው መልስ ያቀረበው ጥያቄ እንደተመለሰለት ጻፈ፤ ደስ ብሎት ግን አልነበረም።

31ኛው ወደ መዝገብ ወሰደን፣ ይኸኛው ደግሞ ወደ ተቃጠለ መዝገብ። ብራዚል ባርነትን በ1888 ሻረች። በ1890 የገንዘብ ሚኒስትሩ ሩይ ባርቦሳ የባሪያዎች መዝገብ ተሰብስቦ እንዲቃጠል አዘዘ። 31ኛው ይህን የወንጀል ማስረጃ ማጥፋት ነው አለው። 32ኛው አልተስማማም። በዚያ ጊዜ የቀድሞ ባለ ባሪያዎች ካሳ ይከፈለን እያሉ ነበር፤ መዝገቡ ከሌለ ምን ያህል ባሪያ እንደነበራቸው ማስረዳት አይችሉም። ብሪታንያ 20 ሚሊዮን ፓውንድ የከፈለችው መዝገብ ስለነበራት መሆኑን 17ኛውን እያጣቀሰ አስታወሰ። 33ኛው ለሁለቱም እውነት ሰጠና ሌላ ነገር ጨመረ። ነፃ የወጣው ሰው ያገኘው ምንድን ነው? ከ1850 ጀምሮ በነበረው ሕግ የመንግሥት መሬት የሚገኘው በግዢ ብቻ ነው፤ እሱ ገንዘብ የለውም። ከ1881 ጀምሮ ማንበብ የማይችል ሰው መራጭ ሆኖ አይመዘገብም፤ እሱን ያስተማረው የለም። ይህ ክልከላ የተነሳው በ1985 ነው። ከመቶ ዓመት በላይ አንድም ቦታ ጥቁር አይመርጥም ተብሎ ሳይጻፍ አለመምረጡ ተረጋገጠ። ስለ ገዥዎች ከተባለው ሁሉ ይህ ይበልጥ ያስፈራኛል፤ ማንንም በስሙ የማይጠራ ሕግ ማን ላይ እንደሚያርፍ ያወጡት ሰዎች ያውቁታል።

34ኛው ከጣሊያኗ ቬኒስ ምሳሌ ይዞ መጣ። በ1297 የከተማዋ ታላቅ ምክር ቤት በሩን ዘጋ፤ ቀስ በቀስ ከተወሰኑ ቤተሰቦች በቀር ማንም የማይገባበት ሆነ። ከ1506 ጀምሮ ደግሞ የመኳንንቱ ልጆች ልደት በመዝገብ ይያዝ ጀመር፤ ያ መዝገብ የወርቅ መጽሐፍ ይባላል። እዚያ ያልተጻፈ ልጅ፣ ሀብታም ነጋዴም ይወለድ፣ አገር አይገዛም። ጸሐፊው ለ5ኛዋ ሴት ነበር የጻፈው። እህቴ፣ አንቺ የያዝሽው መዝገብም ይህንኑ ሥራ ይሠራል፤ ሰረዝ እንዳታደርጊ አላት። ሰረዝ ከገባ ነገ ውርስ የሚጠይቅ ሰው ሲመጣ እናቴ ባለ ይዞታ ነበረች ማለት አይችልም።

35ኛው ቀዝቃዛ ውኃ ቸለሰ። አንዲት ተቀጣሪ የአለቃዋን ትእዛዝ ብትጥስ ሥራዋን ታጣለች፤ ከስክሪን ጀርባ ተቀምጦ ጀግና ሁኚ ማለት ቀላል ነው አለ። መልሱ ቢያስከፋም ልክ ነበር፤ እኔም እሷን የሚከስ ነገር እንዳይገጥማት እያሰብኩ ነበር ያነበብኩት።

36ኛው የእሷ ነው፤ ከ35ኛው በዘጠነኛው ቀን የተጻፈ። ትእዛዙን አልጣሰችም። በመዝገቡ ላይ የልጆቹ ስም ስለነበረ በየቤተሰቡ የቀረ ሰው እየፈለገች፣ ከሥራ ሰዓት ውጭ፣ በስልክ ጠየቀች። አንዱን ስም የነገራት የልጅ ልጅ ነው፤ ሁለተኛውን ምራት የነበሩ አሮጊት፤ ሦስተኛው ከመቃብር ድንጋይ ላይ ተገኘ፣ ፎቶ አንሥተው ላኩላት። ሦስቱንም በጽሑፍ አድርጋ ለአለቃዋ ስታቀርብ ምስክር ካለው ይግባ ብሎ ፈረመበት። ቅጹ ላይ ስሞቹን አንድ በአንድ ስትጽፍ ፊደሉን ሁለት ጊዜ እያየች እንደነበረ ተናገረች። የአራተኛዋን ስም የሚያውቅ ሰው አላገኘችም። ልጅ አልነበራትም፤ የከፈለችባቸው አሥራ አንድ ደረሰኞች አሉ፤ በስም ቦታው ላይ ሰረዝ አለ።